በመጽሐፉ ዳር የተጻፈው

ሰኞ 4

ይህን ደብተር ከትርፍራፊ ወረቀት ራሴ ሰፍቼ ጠረዝኩት። ስፌቱ ከጽሕፈቱ ይሻላል፤ አውቃለሁ። ሚስቴ ካረፈች ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ለሷ የምነግራት ነገር አፌ ላይ እየተጠራቀመ አስቸገረኝ፤ እንግዲህ እዚህ ላራግፈው።

ዛሬ ልጄ ሱቅ ድረስ መጣች። ከለቅሶው ወዲህ እሁድ እሁድ ቤት ትመጣለች፣ ወንበር ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ «ደህና ነህ አባዬ?» «ደህና ነኝ» እንባባላለን፣ ትሄዳለች። ዛሬ ግን በሁለት እጇ የወረቀት ክምር ታቅፋ ገባች። ሦስት ዓመት የለቀመችው ነው። ስለ ሰው ጠባይ ነው አለችኝ። ድሮ የሞተ አንድ የነፍስ ሐኪም ሰውን በጠባዩ ለይቶ የጻፈው፣ ተማሪዎቹ ያስተማሩት፣ መምህርቷ የተናገረችው ተገልብጦ፣ ሠንጠረዥ፣ ምኑ ቅጡ። ሦስት መቶ አሥራ ስምንት ቅጠል። ቆጠርኩት።

«አባዬ፣ ትጠርዝልኛለህ?»

«ሥራዬ አይደል እንዴ?»

«በሚመጣው ወር ሐሙስ 12 ፈተናዬ ነው። ይዤው ነው የምገባው።»

ካለፈች የምትሠራበት የምክር አገልግሎት ቤት በቋሚነት ይቀጥራታል። ካላለፈች ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ሁለተኛ ዙር የሚባል የለም። ሰው ልቡን የሚያማክርበት ቤት መቀጠር ምን ሥራ ነው ብዬ ነበር ድሮ፤ አሁን ዝም ብያለሁ።

ስልኳ ጮኸ፣ ሮጠች። ክምሩ ላይ በስፒል የተያዘች ቁራጭ ወረቀት ትታለች፤ በዚያች የጉንዳን እግር በመሰለች ጽሕፈቷ። ምስጋና ይሆናል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

እናቷ ከሞተች ወዲህ አንድ ነገር ስትለምነኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ረቡዕ 6

ሰፋሁት። ወረቀቱ ግን ልክ የለውም፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ዳሩ አይጥ የቀረጠፈው ይመስላል። የኔ እጅ የነካው መጽሐፍ እንዲህ ሆኖ ከዚህ ሱቅ አይወጣም። በትንሹ ቅጠል ልክ ሦስቱንም ጎን በመቁረጫው አስተካከልኩት። ከፊቱ ሁለት ጣት ያህል ወረደ። እንደ ሳሙና ነው የተቆረጠው። ዳሩ ላይ በእርሳስ የተጫጫረ ነገር ነበረ፤ ተማሪ ሲያነብ ይጫጭራል። አሁን ንጹሕ ሆነ።

ለጀርባው ቡናማ ቆዳ መረጥኩ። የጠየቀችው ካርቶን ነበር። ትደነቅ!

ዓርብ 8

ጠዋት ወረቀት ሰብሳቢዋ መጣች። እንደ ወትሮዋ ሁለት ጆንያ ብጥስጣሽ ተሸክማ ሄደች። ሱቁ ጸዳ።

ከሰዓት መነጽሯ ገባች። የልጄ የትምህርት ጓደኛ ናት፤ ከፊቷ ግማሹ መነጽር ስለሆነ እንዲህ እላታለሁ። የራሷን ክምር ልታስጠርዝ ዋጋ ልትጠይቅ ነው።

«አባባ፣ የሷን ሲያዩት አልተገረሙም? መምህርቷ እንኳን ቀንታለች!»

«ፎቶ ኮፒ ምን ይገርማል?»

«ፎቶ ኮፒውማ ሁላችንም ጋ አለ። ዳሩን ነው የምልዎት! የኔ ዳር መላጣ ነው፤ የሷ የደመወዝ ቀን አውቶቡስ ነው፤ መቆሚያ የለውም።»

ከዚያ ሳልጠይቃት ዘረገፈችው። ኢንተርኔት ላይ አሥር ጥያቄ ጠይቆ «አንተ እንዲህ ዓይነት ሰው ነህ» የሚለውን መምህርቷ ጥንቆላ ነው ትላለች። የሐኪሙን ጽሑፍ ከሥሩ አንብቡ፤ ያነበባችሁትን በሕያው ሰው ላይ እዩ፤ ያያችሁትን ዳሩ ላይ ጻፉ ትላለች። እንደሱ ነው የሚጠናው። ፈታኞቹም የሚጠይቁት ከዳሩ ነው። መጽሐፉንማ ማንም ያገኘዋል።

ወስፌው ከእጄ ወደቀ። «ሙጫው አልደረቀም» አልኳት። ማን ስለ ሙጫ ጠየቀኝ?

ስትሄድ መሳቢያውን ከፈትኩ። ያችን ቁራጭ በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል በፊደል አነበብኳት። «አባዬ፣ አደራህን ዳሩን እንዳትቆርጠው። የጻፍኩት እዚያ ላይ ነው። አመሰግናለሁ።»

ምስጋና ነው ብዬ አልተሳሳትኩም። መጨረሻው ላይ አለ።

ቅዳሜ 9

ጆንያዎቹን ፍለጋ ወጣሁ። ሰብሳቢዋ ከመጋዘኑ ጀርባ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጣ ትለያለች፤ ነጭ ለብቻ፣ ባለቀለም ለብቻ።

«የትናንቱን ጆንያ መልሽልኝ።»

«ውይ አባባ! የጣሉትን የሚያነሱ ሰው አይመስሉኝም ነበር። ወርቅ ቀብረውበታል እንዴ?»

«ሥራ ነው።»

«አንዱ ያው። አንዱን ለእንቁላል ነጋዴው ሸጥኩት፤ ከሥር ይጎዘጉዘዋል።»

እንቁላል ነጋዴው ዘንድ ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ከእንቁላል ሥር ወረቀት ለቅሜ አላውቅም። «ሽማግሌው ሊፈለፍል ነው» እያለ ለጎረቤቱ ሳቀብኝ። ሦስት ሰበርኩ፤ ከፈልኩ። አስኳል የነካቸውን አጥቤ በክር ላይ ሰቀልኳቸው።

ልብስ ያጠበ ሰው እንጂ ወረቀት ያጠበ ሰው አይቼ አላውቅም።

እሁድ 10

«አለቀ አባዬ?»

«ሙጫው አልደረቀም። ዝናብ ነው፣ እርጥበት አለ።»

«ልየው ብቻ።»

«መጭመቂያ ውስጥ ነው፤ አይነካም።»

«እሺ» አለች። አመነችኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ 12

ዘዴውን አገኘሁት። ልጄ ከምታነበው ዐረፍተ ነገር ሥር ታሰምርና እስከ ዳሩ ቀስት ትስባለች፤ ማስታወሻዋ ከቀስቱ ጫፍ ነው። መቁረጫው ቀስቱን ለሁለት ከፈለው። ጭራው ቅጠሉ ላይ ቀርቷል፣ ራሱ ተቆርጣ በወደቀችው ክርታስ ላይ። ጭራ ያለበትን ቅጠል ቆጠርኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ ጭራ ራሱን ይፈልጋል።

ግን ቀስት ሁሉ ቀስት ነው፤ አንዱ ከሌላው በምን ይለያል? ቅጠሉ ምን እንደሚል፣ ክርታሷ ምን እንደምትል ማወቅ ግድ ሆነ። ማለትም ማንበብ። ከቁርስ እስከ ምሳ ሁለት ገጽ። የራሴን ቃል ቀስ ብዬ እጽፋለሁ፤ የሌላውን ማንበብ ነው የሚያቅተኝ።

የገባኝን ልጻፍ። ሐኪሙ የሰው ልብ አራት መሣሪያ አለው ይላል። ማሰብ አለ። መሰማት አለ፤ ይህ ዋጋ ያለውንና የሌለውን በልብ መመዘን ነው እንጂ ማልቀስ አይደለም ብላ ልጄ ሁለቴ አስምራለች። መዳሰስ አለ፤ ያለውን እንዳለ በዓይን በእጅ መያዝ። አራተኛው ገና ያልመጣውን ማሽተት ነው። እያንዳንዱ ደግሞ ወይ ወደ ውጭ ይዞራል ወይ ወደ ውስጥ።

አራት ቅጠል፣ በሁለት ፊቱ ስምንት ገጽ ማለት ነው። ይኼን ለማለት ነው ሦስት መቶ ቅጠል የጨረሰው?

ዓርብ 15

ሠላሳ አንድ ለጠፍኩ። ዓይኔ ይቃጠላል። ለደንበኛ «ዝግ ነው» እላለሁ፣ በሩ ተከፍቶ።

እሁድ 17

«ሙጫው...» ስል «እሺ አባዬ» ብላ አቋረጠችኝ።

ስትወጣ ደረጃው ላይ ስልክ አነሳች። መስኮቱ ክፍት ነበር። «እሱማ ግድግዳ ነው» ስትል ሰማኋት። «ኧረ ግድግዳንስ ይደገፉታል።»

ስለ ሌላ ሰው ይሆናል። ግድግዳ የመሰለ ሰው በዓለም ሞልቷል።

ማክሰኞ 19

ዛሬ አንዲት ክርታስ አነበብኩ። እንዲህ ትላለች፤ እንዳለች ልገልብጣት።

«አባዬ፦ እማዬ ልትሞት ሳምንት ሲቀራት እጇን አልያዘም። የአልጋውን እግር ጠገነ።»

ቀኑም አለበት። ቅጠሉን ፈለግኩት። ስለ መጨረሻው መሣሪያ የሚለው ጋ ነው። ሐኪሙ እንደሚለው ሰው አንዱን መሣሪያ ሲስል ይኖራል፣ ተቃራኒውን ሳይስለው ይተወዋል፤ የመጨረሻ የሚለው ያንን ነው። የተተወው አይሞትም፤ ሕፃን እንደሆነ ይቀራል። በጭንቅ ቀን ተንጋዶ ይወጣል።

ተንጋዶ!

የአልጋው እግር ይንቀጫቀጭ ነበር። በተገላበጠች ቁጥር ይጮህና ከእንቅልፏ ትባንናለች። ታዲያ ምን ላድርግ? ልዝፈንላት? ሽብልቅ ጠርቤ፣ ሙጫ ቀብቼ፣ ድምፅ እንዳላሰማ ምስማሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የመታሁት። እጇን ሌላው ሁሉ ይዞት ነበር፤ ተራም አልነበረ። አልጋውን ግን ማንም አላየውም።

ዛሬ ሌላ አልሠራሁም።

ሐሙስ 21

ክርታሷን ልጥላት አሰብኩ። ከእንቁላል ሥር የጠፉም አሉ፤ አንዲት ብትጨመር ማን ይጠይቃል? በቦታዋ ለጠፍኳት። ከሁሉም ቀጥ ብላ የተለጠፈች እሷ ናት።

ሐኪሙ የኔን ዓይነት የጻፈበትን ፈልጌ ነበር። አላገኘሁትም። ወደ ማሰቡም ወደ መዳሰሱም የሚመስል አለ። ሐኪሙ ጠራዥ አላየም መሰለኝ።

እሁድ 24

ዛሬ አልተቀመጠችም።

«አባዬ፣ ይሄ ሙጫ ነው ወይስ ሲሚንቶ? ሲሚንቶ እንኳን በሦስት ሳምንት ፎቅ ይቆምበታል።»

«ቆዳ ነው ያለበስኩት፤ ቆዳ...»

«ቆዳ ማን አለህ? ካርቶን ነበር ያልኩህ! እንዳለ ስጠኝ። ሳይጠረዝ ስጠኝ። እኔ እኮ ማጥናት አለብኝ!»

«እሁድ ይደርሳል።»

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነህ። ሰው የጠየቀህን ሳይሆን አንተ የፈለግከውን ነው የምትሰጠው።»

የሱቁ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኪሴን በእጄ ይዤ እንደ ሌባ ቆምኩ። በሩን ዘግታው ሄደች፤ የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ። መጣበቅ አለበት።

ረቡዕ 27

አንድ መቶ ሰባ ስድስት ገባ። ሃያ አራቱን አነበብኳቸው፣ ገቡኝ፣ ቦታቸውን ግን አላውቅም። አሥራ አንዱ የለም፤ ከእንቁላሉ ጋር ሄዷል።

ሃያ አራቱን ባዶ ባየሁበት ብለጥፍስ? አንዷን ለጠፍኳት። ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁት። ሐሙስ 12 ፈታኙ እዚያ ገጽ ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ልጄ ያልጻፈችውን ከራሷ ጽሕፈት ታነባለች፤ አፏ ይያዛል።

ሳይደርቅ ላጥኳት። ሙጫው፣ ዛሬ እውነቱን ልናገር፣ በሩብ ሰዓት ይደርቃል።

እሁድ 1

ሱቅ ወሰድኳትና ነገርኳት።

መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ ሃያ አራቱን ክርታስ ከጎኑ ደረደርኩ። ገልጣ ስታየው መጀመሪያ አልገባትም። የተቀጠለውን ዳር በጥፍሯ ነካካችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቆርጬው ነበር። መለስኩት። ሁሉን አይደለም።»

«ዳሩን?»

«ዳሩን።»

«ጽፌልህ ነበር እኮ። ስፒል አድርጌ! አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ።»

«አይተህ ቆረጥከው?»

ጽሕፈትሽ ደቃቃ ነው ልል ነበር። ዓይኔ ደክሟል ልልም ነበር። ሁለቱም አፌ ላይ ደርሰው ነበር።

«ማንበብ ይከብደኛል» አልኩ። «በጣቴ ነው የማነበው። ለሰላምታ ወረቀት ያን ሁሉ አልደክምም ብዬ ተውኩት።»

ሱቁን ዞራ አየችው፤ መደርደሪያውን፣ እዚያ ያሉትን ስንትና ስንት መጽሐፍ።

«እነዚህ ሁሉ?»

«ስፌታቸውን አውቃለሁ።»

«የደንበኛ ደብዳቤ? የመብራት ወረቀት?»

«እናትሽ ነበረች የምታነብልኝ።»

«ሦስት ዓመት፣ አባዬ» አለች ከዚያ። ሌላ ነገር የለም። ሦስት ዓመት፣ አባዬ። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መጽሐፉንም ክርታሶቹንም አልወሰደችም።

ማክሰኞ 3

አልመጣችም። ስልክ ደወልኩ፤ አይነሳም። ወደምትሠራበት ልወስድላት አሰብኩ። ለፈተናው ዘጠኝ ቀን ቀረ። እምቢ ብላ ሜዳ ላይ ብትተወውስ?

ሴትዮዬ ብትኖር ትሄድላት ነበር። ብትኖር ደግሞ ያችን ቁራጭ ታነብልኝ ነበር፤ ነገሩም አይኖር።

ረቡዕ 4

ጠዋት ሱቁን ስከፍት ደፉ ላይ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። ሰላም አላለችም፤ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ጫፉ ላይ አይደለም።

«ክርታሶቹን አምጣ። አንተ አንብብልኝ፣ እኔ ቦታውን እነግርሃለሁ።»

«አንቺ አታነቢም? የገዛ ጽሕፈትሽ ነው።»

«ስሰማው ነው ትዝ የሚለኝ። አንብብ።»

እንደዚያ ይሁን አይሁን አላውቅም። አነበብኩ። በልጄ ፊት፣ ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ፣ እየተንተፋተፍኩ። ላቤ መጣ። «የ... መንገዱ... ፖሊስ፦ ሕጉን ያውቃል፣ ሰዉን አያይም።» «ዘጠና ሁለት» ትላለች፣ እለጥፋለሁ። አንዱን ቃል ስስተው አላረመችኝም፤ ጠበቀችኝ። ራሴ ተመልሼ ያዝኩት። ስለ መነጽሯ የጻፈችው ሲደርስ፣ «ይመጣል ያለችው ዝናብ ሁሉ መጥቶ ያውቃል፤ ጃንጥላ ግን ይዛ አታውቅም» የሚለው፣ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ደንግጠን ተውነው።

ከሃያ አራቱ አሥራ ዘጠኙ ቦታ አገኘ።

ቅጠሉን ስትገልጥ ያቺን ገጽ ደረሰችባት። እጇ ቆመ።

«ይቺን... አንብበሃታል?»

«ለጥፌያታለሁ አይደል?»

«አባዬ፣ እኔ...»

«ይንቀጫቀጭ ነበር» አልኳት። «ስትገላበጥ ይቀሰቅሳት ነበር።»

ጣቷን ክርታሷ ላይ አደረገች። «ከዚያ በኋላ ተኛች?»

«ሦስት ሌሊት። ሳትባንን።»

«አላወቅኩም ነበር።»

«አልጠየቅሽኝም።»

«አልነገርከኝም!»

ሁለቱም እውነት ነው። ነገር ለማስቀየር አንድ ወረቀት አንስቼ አጠፍኩ። «ይኼ የመጨረሻ መሣሪያ የሚለው» አልኩ፣ «ሐኪሙ ነገሩን አረዘመው እንጂ ቀላል ነው። እይ። ወረቀት አጥፈሽ ስትሰፊ የመጀመሪያው ቅጠልና የመጨረሻው ቅጠል አንድ ወረቀት ናቸው። ሲያዩዋቸው የማይተዋወቁ ይመስላሉ። የኋለኛውን አያምርም ብለሽ ብትገነጥይው ግን የፊተኛው ይወልቅብሻል።»

አፍጥጣ አየችኝ። የታጠፈውን ወረቀት ከእጄ ወሰደች፣ ከፈተችው፣ ዘጋችው።

«ይሄን ከየት አነበብከው?»

«ምን ማንበብ ያሻዋል? ሥራዬ ነው።»

እርሳስ አወጣች። ባዶ ከቀሩት ዳሮች በአንዱ ላይ ጻፈችው። ከሥሩ ምን እንደጨመረች አላየሁም፤ ጽሕፈቷ ደቃቃ ነው።

እሁድ 8

እያጠናች ነው፤ እዚሁ ሱቅ። አሥራ ስድስት ገጽ ዳራቸው መላጣ ነው። ጥቂቱን ከራሷ እያስታወሰች ሞላች፣ ሌላው ጠፋባት። ባየችው ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች። እኔን አትናገረኝም። አለመናገሯ ይባስ ያሳክከኛል። ከነዚያ ገጾች ቢጠይቋትስ? ሰባት ጊዜ ተነሥቼ ዘይት ያልጎደለውን መቁረጫ ዘይት ቀባሁ።

ሐሙስ 12

አብሬያት ሄድኩ። «አትምጣ» አለችኝ፤ በዚያው መንገድ ጉዳይ አለኝ አልኳት። ጉዳይ አልነበረኝም።

የመፈተኛው ቤት መተላለፊያ ረጅም ነው፣ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ የተቀባ። አግዳሚ ወንበሩ አንድ እግሩ ያጥራል። መጽሐፉን ታቅፋ ገባች። በሩ ጥብቅ ስላልሆነ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንድ ወፍራም ድምፅ ጠየቀ። እሷ መለሰች። እንደገና ጠየቀ። ዝም አለች። ከመላጣው ገጽ ጠይቀዋት ነው አልኩ በሆዴ፤ ከነዚያ ከአንዱ ነው። ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ወረቀት ሲታጠፍ ሰማሁ። የወረቀት መታጠፍ እኔን አያታልለኝም። ከዚያ እሷ ተናገረች፤ ረጅም፣ ሳትቆም። አንዲት ሴት «እስቲ ድገሚልን» ስትል ይቺን ብቻ ለየኋት።

አንድ ሰዓት ከሩብ ቆይታ ወጣች። ፊቷ ገርጥቷል። ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ተቀበሉኝ፣ አባዬ። ቦታው የኔ ነው።»

አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። ሌላው አባት ይላል። መሬት መሬት ሳይ የግራ ጫማዋ ክር ተፈቷል።

«ክርሽ ተፈቷል፤ ይጥልሻል» አልኳት።

ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ቀጨጭ አለ። በመጽሐፍ ስፌት አሳሰር፣ ሁለት ዙር አድርጌ፣ ውስጥ ለውስጥ አሰርኩላት፤ እንዲህ የታሰረ አይፈታም። እጇ አናቴ ላይ አረፈ።

«ምነው፣ አጠበቅኩብሽ?»

«አይ አባዬ» አለች። ድምፅዋ ደህና አልነበረም። «ልክ ነው።»

የቀኙም ላልቶ ታየኝ። ፈታሁትና እሱንም አሰርኩት።